የመንገድ ዳር ማደሪያዎች ታሪክ እንዲህ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጠፉት የመንገድ ዳር ማደሪያዎችና ስለ ባለቤቶቻቸው የተጻፈ አንድ ሰፊ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ማንም ልብ ያላለውን ጉዳይ በማንሳታቸው ጸሐፊውን ላመሰግናቸው እወዳለሁ። የአሰብ መንገድን መንደሮች የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ቆርቆሮ የለበሱትን የጭቃ ክፍሎች፣ ግቢ ውስጥ የሚዘረጉትን አልጋዎች፣ ደጃፍ ላይ የሚደረደሩትን ተሳቢዎች በደንብ ገልጸዋቸዋል። ያነሷቸው ዋና ዋና ነጥቦች ግን ብዙዎቹ ልክ አይደሉም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ይበድላሉ።

እኔ ያደግኩት ከባድ መኪና በሚያድርበት ከተማ ነው። የእነዚያን ሴቶች እንጀራ በልቼ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ማደሪያ ቤት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከጣሊያን ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበረም። ባለቤቶቹ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች ነበሩ፤ የአገሬው ሰው የያዘው እነሱ ጥለውት ሲሄዱ ነው። ቀጥሎ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው የ1967ቱ አዋጅ መጣና ሁሉንም ገደላቸው። የተረፉትን ቤቶች የያዙት ሴቶች ንግዳቸው መጠጥና ገላ ስለነበር ለታሪክ የሚሆን ነገር አልተዉም። መዝገብም የላቸውም።

በየተራ ልመልስ።

ከጣሊያን በፊት ማደሪያ አልነበረም?

በገንዘብ የሚከራይ አልጋ ቀድሞ ብርቅ እንደነበር እውነት ነው። መንገደኛ ግን ሜዳ ላይ አላደረም። ሲመሽበት የሰው ደጅ ላይ ቆሞ “የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ” ይላል። ባለቤቱም “ቤት የእግዜር ነው” ብሎ ያስገባዋል። እግሩን ያጥበዋል፤ ከተገኘው ያበላዋል። ይህ የግል ደግነት ብቻ አልነበረም። እንግዳ የመለሰ ሰው በአካባቢው ስሙ ይጠፋ ነበር። የንጉሥ ፈቃድ ይዞ ለሚጓዝ ደግሞ ድርጎ ነበረለት። በየደረሰበት ያለው ባላገር እንጀራውን፣ መጠጡን፣ በጉን ያቀርብለታል። ድርጎ ባላገሩን ያስመረረ ነገር ነው፤ ማንም አይክደውም። ቢሆንም መንገደኛ የሚያድርበት ሥርዓት ነበር።

ነጋዴው ለብቻው ነው። ሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያ እየነዳ ሳምንታት ይጓዛል። ያን ያህል ሰውና ከብት በእግዜር እንግድነት አይዘለቅም። ስለዚህ የሚያድረው ገበያ ባለበትና ኬላ ባለበት ነው። ኬላ ላይ ቀረጥ እስኪከፈል መቆም ግድ ነበር። ሰው ተገድዶ በሚቆምበት ቦታ ደግሞ ጠላ የምትጠምቅና እንጀራ የምትሸጥ ሴት አትጠፋም።

አሊዩ አምባን እንይ። ከአንኮበር ግርጌ የነበረች የገበያ ከተማ ናት። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚገባው በእሷ በኩል ነበር። እንግሊዛዊው ቻርለስ ጆንስተን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1842 እና በ1843፣ እዚያ ተቀምጦ የከተማዋን ኑሮ ጽፏል። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ወራት የሚቆይባት፣ ቤት የሚይዝባት ከተማ ነበረች። ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ገና ከ90 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

ከዚያም ሆቴሉም ራሱ ከጣሊያን ይቀድማል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ባቡሩም እንዲሁ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ የነበረው ማደሪያ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ።

ይህን የመጨረሻ ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ማደሪያ የሚቆመው መንገደኛ ሳይወድ በግድ በሚቆምበት ቦታ ነው። ጸሐፊው ከሳቱት ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ባለቤቶቹ ፈረንጆች ብቻ ነበሩ?

በባቡሩ መስመር ላይ ጸሐፊው ብዙም አልተሳሳቱም። ድሬዳዋና አዋሽ ላይ የግሪኮች እጅ ነበረበት። ከ1933 ዓ.ም በኋላም አገሪቱ ውስጥ የቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥና ምግብ ቤት ከፍተው ኖረዋል። ግን እነዚህ ያሉት ትልልቅ ከተሞችና ጣቢያዎች ላይ ነው። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ገዋኔ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌር አልጋ ያነጠፈው ማን ነው? ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ከማንም አልወረሱም። ራሳቸው ጭቃ አስመርገው፣ ቆርቆሮ አስመትተው የሠሩት ነው።

ሁሉንም የገደላቸው የ1967ቱ አዋጅ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ። የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነጥብ ስለሆነ ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ መኖሪያ አንድ ቤት ተፈቀደለት። ለንግድ ሥራ የሚሆን ቤትም በፈቃድ መያዝ ይቻል ነበር። ኪራይ ተቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። የተጎዱ ባለ ማደሪያዎች እንደነበሩ አልክድም። ከኋላ በኩል ሁለትና ሦስት ቤት ሠርታ የምታከራይ ሴት እነዚያን ቤቶች አጥታለች። የደረሰባት በደል ነው፤ ጸሐፊው መቆጨታቸው ትክክል ነው።

ግን ከአዋጁ በኋላ በአሰብ መንገድ ላይ ምን ሆነ? ማደሪያዎቹ አልተዘጉም። እንደውም የደሩበት ጊዜ ያኔ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የሶማሊያ ጦር ሲገባ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ፤ ድልድዮች ተመቱ። በጅቡቲ በኩል ይገባ የነበረው ዕቃ ወደ አሰብ ዞረ። አሰብ ላይ ሶቪየቶች የሠሩት ነዳጅ ማጣሪያ ስለነበረ የአገሪቱ ቦቴ ሁሉ ወደዚያው ነው የሚወርደው። በ1977 ዓ.ም ረሃብ ጊዜ ከመርከብ የወረደው የእርዳታ እህል በዚያው መንገድ ወደ ደጋው ወጣ። ከአዲስ አበባ አሰብ ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግማሹ ቆላ ነው፤ ቀን ላይ ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል። ጸጥታው በማያስተማምንበት ዘመን ደግሞ ሌሊት መንዳት አይታሰብም። ያ ሁሉ ኤን ትሬ የጭነት መኪና፣ ያ ሁሉ ተሳቢ የት ሊያድር ነው? ማታ ማታ መንደሩ በመኪና ይሞላ ነበር። አዋጁ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ አልጋ የጠፋባቸውን ቤቶች አዋጁ ገደላቸው ማለት አይቻልም።

ታዲያ ማን ገደላቸው? መንገዱ ነው። መንገዱ ሲዞር መንደሩ ይቀራል። በአሰብ መስመር ይህ በተደጋጋሚ ሆኗል።

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ለብዙ ዓመት ከአዲስ አበባ የተነሳ መኪና ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲና ወርዶ፣ በኮምቦልቻ በኩል ነበር አሰብ የሚሄደው። ባቲ የሾፌር ከተማ ሆነች። ከዚያ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ሚሌ የሚደርሰው አዲስ መንገድ ተሠራ። የአዲስ አበባ ጭነት ተራራውን ትቶ በረሃውን ያዘ። ባቲ የሰኞ ገበያዋ አተረፋት እንጂ የአዲስ አበባን ሾፌር አጣች። ገዋኔ ላይ ደግሞ አዳዲስ ቤቶች በቀሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ሲሆን አዋጁ ገና አልወጣም።

ሰርዶን ጸሐፊው ጨርሰው አላነሷትም። ገረመኝ። ሰርዶ ከሎጊያ አልፎ በአሰብ መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። መጋቢት 1961 ዓ.ም የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት። ሰው ሞተ፤ ቤቶች ወደቁ። ስለ ጠፋ የመንገድ መንደር ሲጻፍ መጀመሪያ መጠራት የነበረባት እሷ ነበረች።

ትልቁ ግን የመጣው ግንቦት 1990 ዓ.ም ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳ፤ አሰብ ተዘጋ። የአገሪቱን አብዛኛውን ገቢ ዕቃ ያስተናግድ የነበረ ወደብ በአንድ ጊዜ ከመስመር ወጣ። መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የጅቡቲው መንገድ ዲቼኦቶ ላይ ተገንጥሎ ወደ ጋላፊ ይሄዳል። ኤሊዳር፣ ማንዳና ቡሬ ከመገንጠያው ወዲያ ቀሩ። ቡሬ ራሷ የጦር ግንባር ሆነች። እስከ ትናንት ድረስ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የማይጠፋበት ግቢ በማግስቱ አንድ መኪና የማይቆምበት ሆነ። ከመገንጠያው ወዲህ ያሉት ሎጊያና ሚሌ ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ እንደውም አድገዋል። አዋጁ ለሎጊያም ለማንዳም አንድ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አዋጁ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ዕጣ ይህን ያህል ባልተራራቀ ነበር።

ሌሎች መስመሮችም ላይ ያው ነው። ድሮ አውቶብስ ከአዲስ አበባ ጎንደር ለመግባት ሁለት ቀን ይፈጅበት ነበር፤ መንገደኛ ጎጃም ላይ ያድራል። አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የተነሳ አውቶብስ በዚያው ቀን ይገባል። የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያዎችም ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት የነበረ ምግብ ቤት ከዚያ ምንም አያገኝም። አዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ ጋቢናቸው ውስጥ አልጋ አላቸው። ሾፌሩ አልጋ ባይዝ አይፈረድበትም።

የመጠጥና የገላ ንግድ ብቻ?

ይህን ክፍል ሳነብ አዘንኩ። እውነቱን እናገራለሁ፤ ተናደድኩም።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ላሳምር አልፈልግም። መጠጥ ይሸጥ ነበር። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ይሠሩ ነበር፤ የተጎዱም ብዙ ናቸው። አንዳንድ ባለቤቶችም ልጆቹን በዝብዘዋል። ይህ መጻፍ አለበት። ግን “ብቻ” የምትለው ቃል ስትገባ ነገሩ ወደ ውሸት ይሄዳል።

ባለቤቷ ማን ነበረች? ብዙ ጊዜ ከባሏ የተፋታች፣ ወይም በልጅነቷ ያለ ፈቃዷ ተድራ የወጣች ሴት ናት። በፍቺ የደረሳትን ከብት ሸጣ ወደ መንገድ ትወርዳለች። መጀመሪያ ጠላ ወይም አረቄ። ከዚያ ሻይና ዳቦ። ከዚያ እንጀራና ጥብስ። ዕቁብ ሲወጣላት አንድ ክፍል ትጨምራለች፤ በሁለተኛው ዕቁብ ሌላ ትጨምራለች። አሥር አልጋ ያላት ሴት አሥሩንም ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው። ባንክ አላበደራትም። ባልም አላወረሳትም።

ሥራዋስ? ቆላ ላይ ውሃ በበርሜል ተገዝቶ ነው የሚመጣው። ሌሊት ክፍል ውስጥ መተኛት ስለማይቻል አልጋው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ተመልሶ ይገባል። ሾፌር በፈለገው ሰዓት ይደርሳል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ “እትዬ፣ ምን አለ?” ካለ የሚበላ ነገር መኖር አለበት። ረዳቱ ጭነቱን እየጠበቀ መኪናው ላይ ስለሚተኛ እራቱ እዚያው ይወጣለታል። ሾፌሩ ሲወርድ በዱቤ በልቶ፣ ሲመለስ ይከፍላል። ጎማ ፈንድቶበት ገንዘብ ያለቀበት ከእሷ ይበደራል። ደመወዙን እሷ ጋ አስቀምጦ የሚወርድም ነበር። መልእክት፣ ደብዳቤ፣ የታመመ ረዳት፣ ሁሉም እሷ ቤት ይቀራል። ወባ የያዘው ልጅ እስኪሻለው እሷ ጓሮ ይተኛል። ስልክ በሌለበት አገር መኪናው መቆሙን የመኪናው ባለቤት ሰዎች የሚሰሙት በእሷ በኩል ነበር።

ሕጉም ቢሆን እንደ ጸሐፊው አላያትም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2653 ጀምሮ እንግዳ በሚያሳድር ነጋዴና በእንግዳው መካከል ስላለው ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እንግዳው ይዞት ለገባው ዕቃ ባለቤቱ ኃላፊነት አለበት ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም ሆቴልና ቡና ቤት የሚያሠራን ሰው ከነጋዴዎች ይቆጥር ነበር። ሕግ ነጋዴ ያላትን ሴት እኛ ከታሪክ የምናወጣት በምን ሒሳብ ነው?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ጽሑፉ ጨርሶ አልነካውም። ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ቀድሞ ክፉኛ ከመታቸው ቦታዎች ዋናዎቹ የከባድ መኪና መስመር ከተሞች ነበሩ። በ1980ዎቹ እና በ1990ዎቹ ዓ.ም ሾፌሮች አለቁ፤ ረዳቶች አለቁ፤ በየቤቱ የሚሠሩት ልጆች አለቁ፤ ባለቤቶቹም አለቁ። መድኃኒቱ በደንብ ሳይዳረስ በፊት ነው። አሰብ ከመዘጋቱ በፊት የተዘጉ ቤቶችን ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። በዚያ ዘመን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም ነበር። ስለ ጠፉት ማደሪያዎች የሚጽፍ ሰው ይህን ዘልሎ ስለ ሴቶቹ ምግባር ብቻ ሲጽፍ፣ የሞቱትን ሁለት ጊዜ ይበድላል።

መዝገብ የላቸውም?

አላቸው። ጸሐፊው ያልፈለጉት ቦታ ነው ያለው። ከ1967 ዓ.ም በኋላ ቀበሌ የያዛቸው ቤቶች የኪራይ ካርድ አላቸው፤ የማን እንደነበሩ ይናገራል። የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው በየዓመቱ ነው፤ ግብርም እንዲሁ። ከላይ ባልኩት ሕግ የተነሳ ዕቃ ጠፋብኝ፣ አልተከፈለኝም የሚሉ ክርክሮች ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ይጽፋል። የባቡር መስመሩን ማደሪያዎች የሚፈልግ ሰው ከባቡር ድርጅቱ ሰነዶች ይጀምር። የዱቤ ደብተሩም አለ። የሾፌሩ ስም፣ የበላው፣ ያልከፈለው፣ በየቀኑ የተጻፈበት። ስንቱ ደብተር እሳት ማቀጣጠያ እንደሆነ ሳስብ ይቆጨኛል። ግን ሁሉም አልነደደም። ልጆቻቸው ዛሬ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ደሴ፣ ሎጊያ ይኖራሉ። ብዙዎቹ የተማሩት በዚያ ደብተር ገንዘብ ነው።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። ከልቤ ነው የምለው፤ ይጻፉት። ያልኩትን ሁሉ እንዲቀበሉ አልጠብቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ከመጻፋቸው በፊት ከመገንጠያው ወዲያ የነበሩትን ሴቶች ይፈልጉ። ከማንዳና ከኤሊዳር የተነሱት ብዙዎቹ ወደ ሎጊያና ወደ ኮምቦልቻ ነው የመጡት፤ በዕድሜ የገፉ ቢሆኑም ያስታውሳሉ። ባቲ ላይም የጣርማ በርን ዘመን ሾፌሮች ያበሉ እናቶችን ጠይቀው ያገኛሉ። ወደ ባቲ ሲሄዱ ግን ሰኞን ይለፏት። ገበያ ስለሆነ ማንም ቁጭ ብሎ ሊያወራቸው ጊዜ አይኖረውም።